ድምፅ የማይገባበት፣ ወሬ የማይወጣበት አዳራሽ እንዴት ይሠራል?

በሐምሌ ወር ጅማ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስብሰባ መርቶ የሚያውቅ ሰው ዝናቡ ሲጀምር ምን እንደሚሆን ነጋሪ አያስፈልገውም። ተናጋሪው መጀመሪያ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ወደ ማይክሮፎኑ ይጠጋል፣ በመጨረሻም እጁን አጣጥፎ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ያው አዳራሽ ዝናብ በሌለበት ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ያወጣል፤ በዝግ ስብሰባ የተነገረው ነገር ኮሪደሩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ለሚደረድረው አስተናጋጅ ቃል በቃል ይሰማል።

የውጭ ጫጫታ ወደ ውስጥ መግባቱና የውስጥ ንግግር ወደ ውጭ መውጣቱ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ እንጂ የሚመላለሱበት መንገድ በአብዛኛው አንድ ነው። ያ መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በሕንጻ ሥርዓቶች ምክንያት ነው። የሕንጻ ሥርዓቶች የሚባሉት አንድን ቤት ከድንጋይና ከሲሚንቶ ክምርነት አውጥተው ሰው የሚሠራበት ቦታ የሚያደርጉት ነገሮች ናቸው፦ አየር የሚመላለስባቸው ቦዮች፣ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ገመዶች፣ የውሃ ቱቦዎች፣ የእሳት ማስጠንቀቂያና የበር መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች። እያንዳንዳቸው ወደ አዳራሹ ለመግባት ግድግዳ መብሳት አለባቸው።

ዴሲቤል ማለት ምን ማለት ነው?

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ይህ መለኪያ የኪሎና የሜትር ዓይነት ስላልሆነ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በሚዛን 20 ኪሎ የ10 ኪሎ እጥፍ ነው፤ በዴሲቤል ግን 10 በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል በ10 ይባዛል። ስለዚህ የ20 ዴሲቤል ልዩነት 100 እጥፍ፣ የ30 ዴሲቤል ልዩነት 1,000 እጥፍ ነው። ጆሯችን ይህን ብዜት እንዳለ አይቀበለውም፤ 10 ዴሲቤል የጨመረ ድምፅ የሚሰማን በግምት እጥፍ ሆኖ ነው።

ለመነሻ ያህል ሹክሹክታ ወደ 30 ዴሲቤል፣ ከአንድ ሜትር ርቀት የሚሰማ የተለመደ ንግግር ደግሞ ወደ 60 ዴሲቤል ይደርሳል። ጥሩ የስብሰባ ክፍል የሚባለው ሰው ሳይገባበት፣ የአየር ማናፈሻው እየሠራ፣ ውስጡ ከ30 እስከ 35 ዴሲቤል ባለው መጠን የሚቆይ ነው።

ግድግዳውን ማወፈር አይበቃም ወይ?

ድምፅ ግድግዳን የሚያልፈው ግድግዳውን እንደ ከበሮ ቆዳ በጥቂቱ እያርገበገበ ነው። ከባድ ነገር በቀላሉ ስለማይርገበገብ፣ ግድግዳው በከበደ መጠን የሚያልፈው ድምፅ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው ትርፍ ወደ 6 ዴሲቤል ብቻ ነው። የ20 ሳንቲ ሜትሩን ግድግዳ 40 ማድረግ ገንዘብና ቦታ ይበላል፤ የሚያስገኘው ለውጥ ግን ለወጪው የሚመጥን አይደለም። የተሻለው ዘዴ እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት ግድግዳዎችን ትይዩ አቁሞ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ገበያው ሮክ ዉል በሚለው የማዕድን ሱፍ መሙላት ነው። አንደኛው ሲርገበገብ ሌላውን የሚገፋበት ድልድይ ያጣል። በብሎኬት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ርካሹ ማሻሻያ ልስን ነው፤ ያልተለሰነ ብሎኬት በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ያሳልፋልና ድምፅም ያሳልፋል።

ነገሩን ሁሉ የሚያበላሸው ግን ቀዳዳ ነው። በቁጥር እንየው። 10 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ግድግዳ ድምፅን በ50 ዴሲቤል የሚቀንስ ሆኖ ተሠራ እንበል። በዚህ ግድግዳ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው በር አለ፤ በሩ ራሱ እንደ ግድግዳው ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ከሥሩ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቀርቶበታል። ክፍተቱ በድምሩ 90 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከግድግዳው አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። ሆኖም በዚያች ክፍተት ብቻ የሚያልፈው ድምፅ የጠቅላላውን ግድግዳ ሥራ ከ50 ወደ 30 ዴሲቤል ገደማ ያወርደዋል፤ ማለትም ወደ ውጭ የሚወጣው የድምፅ ኃይል 100 ጊዜ ያህል ይበዛል። በውስጥ በ60 ዴሲቤል የተነገረው ቃል ኮሪደሩ ላይ እንደ ሹክሹክታ ይደርሳል፤ ኮሪደሩ ጸጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ሹክሹክታ ይሰማል። የእንስራ ገላ ምንም ቢወፍር፣ ከሥሩ ከተሰነጠቀ ውሃ አይዝም።

ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል። ጆሮው የት የት እንዳለ የሚያውቁት ግን ኤሌክትሪሻኑና የኮርኒስ ሠራተኛው ናቸው። በሁለት ክፍሎች መካከል ባለ ግድግዳ ላይ የሶኬት ሳጥኖች ጀርባ ለጀርባ ከተቀበሩ ግድግዳው በዚያ ቦታ ከላስቲክ ክዳን ያለፈ ነገር አይኖረውም። ሳጥኖቹን ማራራቅና ዙሪያቸውን መድፈን ይበቃል። ከዚህ የባሰው ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ የሚቆምበት አሠራር ነው። ከታች ሲታይ ክፍሉ የተዘጋ ይመስላል፤ ከኮርኒሱ በላይ ግን ሁሉም ክፍሎች አንድ ሰፊ ጓዳ ናቸው፤ ንግግሩም በስሱ ኮርኒስ አልፎ በጎረቤት ክፍል ላይ ይወርዳል። ግድግዳው እስከ ሶሌታው ወይም እስከ ጣሪያው መድረስ አለበት።

ለበር የሚመረጠው ውስጡ ባዶ ያልሆነ ከባድ በር ነው፤ ዙሪያውን ጎማ፣ ከሥሩ ደግሞ በሩ ሲዘጋ ወደ ወለሉ የሚወርድ መድፈኛ ይገጠምለታል። ምስጢር ለሚጠበቅበት አዳራሽ አንድ በር አይበቃም። በሁለት በሮች መካከል ትንሽ መተላለፊያ ይደረጋል፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት ከተደረገ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ንግግር አያመልጥም፣ ጥበቃውም ገቢውን ለማየት ጊዜ ያገኛል። የቦታ አቀማመጡ ከክብ ቤተ ክርስቲያን ጋር ይመሳሰላል፦ እዚያ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ እንደሚገባ ሁሉ፣ እዚህም ከሕዝብ መቀበያው ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ወደ መተላለፊያው፣ ከዚያ ወደ አዳራሹ ይገባል። መጋዘንና የጽሑፍ ክፍል በአዳራሹ ዙሪያ ሲደረደሩ ያለ ተጨማሪ ወጪ መከለያ ይሆናሉ። መጸዳጃ ቤት ግን ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ባይጋራ ይመረጣል፤ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም።

ስፖንጅ ወይም የእንቁላል ካርቶን ብንለጥፍስ?

ከሁሉ የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው። ድምፅን መምጠጥና ድምፅን ማገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስፖንጅ፣ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳሉ፤ ቀላልና አየር አሳላፊ ስለሆኑ ግን ወደ ጎረቤት የሚሄደውን ድምፅ አያግዱም። ብሎኬት በተቃራኒው ያግዳል እንጂ አይመጥም። ጥሩ አዳራሽ ሁለቱንም ይፈልጋል፦ ከባዱን በግድግዳው አካል፣ ለስላሳውን በውስጥ ገጽ ላይ።

የማስተጋባትን ስሌት የፈጠረው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ንግግር የማይሰማበትን አንድ የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዝዞ፣ ሌሊት ሌሊት የወንበር ትራሶችን ከሌላ አዳራሽ እያስመጣ ድምፁ ለመጥፋት የሚወስድበትን ጊዜ ለካ። የደረሰበት ቀመር ቀላል ነው፤ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ይባዛና ክፍሉ ውስጥ ላለው የመምጠጥ አቅም፣ ማለትም የየገጹ ካሬ ሜትር ከሚመጠው የድምፅ ድርሻ ጋር ተባዝቶ ለሚገኘው ድምር፣ ይካፈላል፤ ውጤቱ ድምፁ ለመጥፋት የሚወስድበት ሰከንድ ነው።

15 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ወርድና 4 ሜትር ቁመት ያለው አዳራሽ እንውሰድ፤ ይዘቱ 600 ሜትር ኩብ ነው። ግድግዳውና ኮርኒሱ ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነና ከሚነካቸው ድምፅ 3 በመቶውን ብቻ ከመጠጡ፣ በባዶው አዳራሽ አንድ ጭብጨባ ፈጽሞ እስኪጠፋ ከ6 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። በ6 ሰከንድ ውስጥ ተናጋሪው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስለሚጨርስ፣ እያንዳንዱ ቃል በቀደሙት ቃላት ጅራት ላይ ይደረባል። ኮርኒሱ ብቻ 70 በመቶውን በሚመጥ ሰሌዳ ቢተካ ጊዜው ወደ 0.8 ሰከንድ ይወርዳል፤ 60 ሰው ሲቀመጥ ደግሞ የሰው ልብስና ገላም ስለሚመጥ ወደ 0.7 ሰከንድ ይጠጋል፤ ለንግግር የሚፈለገውም ይኸው ነው። ድምፅ ማጉያ መጨመር ይህን ችግር አይፈታም፤ ማስተጋባቱንም አብሮ ያጎላዋል።

በጅማ አንድ ማሳሰቢያ ይጨመራል። ከተማዋ በእንጨት ሥራ፣ በተለይም ከአንድ ግንድ በሚፈለፈል በርጩማዋ የታወቀች ስለሆነች አዳራሹን በእንጨት መሸፈን የሚስብ ሐሳብ ነው። ሆኖም የተወለወለ እንጨት ንግግርን መልሶ ያንጸባርቃል። እንጨቱ ቀዳዳ ተበጅቶለት ከጀርባው ሱፍ ሲደረግ ግን ውበቱም ይኖራል፣ ድምፁንም ይመጥጣል።

የዝናቡ ነገርስ?

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ በበልግም ሆነ በክረምት ዝናብ ስላለ “ስብሰባውን ሁሉ በበጋ እናድርገው” ብሎ ማምለጥ አይቻልም። የቆርቆሮ ጣሪያ ስስና ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ እንደ መዶሻ ይመታዋል፣ ቆርቆሮውም ሰፊ ገጽ ስላለው ምቱን ወደ ድምፅ በቀላሉ ይለውጠዋል።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ በአዳራሹ ላይ የኮንክሪት ሶሌታ ማድረግና ቆርቆሮውን ከዚያ በላይ ማንሳት ነው። አቅም ለዚህ ካልፈቀደ ሁለት ነገር አብሮ መሠራት ይኖርበታል። አንደኛው ቆርቆሮውን ከሥሩ የሚይዝ፣ ርግብግቡን የሚያደክም ንጣፍ ማድረግ ነው፤ እጅን ከበሮ ላይ እንደ ማሳረፍ ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሁለት ድርብ ጅብሰም ቦርድ ያለው ከባድ ኮርኒስ ከጎማ ወይም ከሞላ (ስፕሪንግ) በተሠራ ማንጠልጠያ አንጠልጥሎ በላዩ ሱፍ መዘርጋት ነው። ማንጠልጠያው ግትር ሽቦ ከሆነ የቆርቆሮው ርግብግብ በሽቦው ወርዶ ኮርኒሱን ያናግረዋል፣ ወጪውም በከንቱ ይቀራል። አሸንዳውና የዝናብ ውሃ መውረጃው በአዳራሹ ግድግዳ ውስጥ እንዳያልፍ ማድረግም ከዚሁ ጋር ይታሰባል።

ሁሉ ከተደፈነ ሰው በምን ይተነፍሳል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ድምፅን ለመከልከል ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሰው ደግሞ አየር ይፈልጋል። አንድ የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል፤ 100 ሰው የተሰበሰበበት አዳራሽ 10 ኪሎ ዋት ምድጃ እንደ ተለኮሰበት ይቆጠራል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ አየሯም የማያስጨንቅ ከተማ ስለሆነች መስኮት መክፈት ይለመዳል። መስኮቱ ሲከፈት ግን የባጃጁ ድምፅ ይገባል፣ የስብሰባው ወሬም ይወጣል።

ስለዚህ አየሩ በቦይ መምጣት አለበት። ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ብናስብ 100 ሰው በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ይህን አየር በሰከንድ 5 ሜትር በሚሮጥ ፍጥነት ለማምጣት 0.2 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይበቃል፤ ቦዩ 0.4 ካሬ ሜትር ከሆነ ግን አየሩ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል፣ የሚያሰማው ሹሹታም ከ15 ዴሲቤል ባላነሰ ይቀንሳል። ዋሽንት የሚጮኸው ትንፋሽ በጠባብ አፍ ላይ ሲሮጥ ነው፤ ያው ትንፋሽ በሰፊ ቱቦ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ድምፅ የለውም። ቦዩ ሰፊ እንዲሆን ግን ከኮርኒሱ በላይ ቦታ መቅረት አለበት፤ ቦታው ደግሞ ፎቁ ከመወሰኑ በፊት ካልተጠየቀ በኋላ አይገኝም። አርክቴክቱ ኮርኒሱን ከፍ፣ የመካኒካል መሐንዲሱ ቦዩን ሰፋ ለማድረግ ሲከራከሩ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ ቦዩ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ማናፈሻውን አጥፍቶ በላብ የሚሰበሰበው ሰው ነው።

ከፍታው ራሱም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። በጅማ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር 19 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ መጠን ያለው አየር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ማናፈሻ የገዛ ሰው በኋላ ማናፈሻውን በፍጥነት ለማሽከርከር ይገደዳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ጩኸቱ ይጨምራል።

ሌላው የቦይ ጣጣ ወሬ አመላላሽነቱ ነው። ሁለት ክፍሎች በአንድ ባዶ የላሜራ ቦይ ከተገናኙ ቦዩ እንደ መነጋገሪያ ቱቦ ያገለግላል፤ ከአዳራሹ የተነሣ ድምፅ በጎረቤቱ ክፍል ኮርኒስ በኩል ይወጣል። መድኃኒቱ ለአዳራሹ የራሱን መስመር መስጠት፣ ቦዩን ማጣጠፍና ውስጡን ድምፅ በሚመጥ ነገር መሸፈን ነው። ድምፅ በየማጠፊያው ከሱፉ ጋር እየተጋጨ ይደክማል፤ አየሩ ግን ያልፋል።

ጄነሬተሩን የት እናስቀምጠው?

የክራር ጅማት ብቻውን ቢመታ ከጥቂት ክንድ አልፎ አይሰማም፤ ድምፁን የሚያጎላው ጅማቱ የታሰረበት ገበታ ነው። ሶሌታ ላይ በብሎን በቀጥታ የታሰረ ፓምፕ ወይም ማናፈሻም እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ ጅማት፣ ሕንጻው ገበታ ይሆናል። በጎረቤት ቤት ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ ድምፁ በወለሉ በኩል እንደሚመጣ ሁሉ፣ የማሽን ርግብግብም በኮንክሪት ውስጥ ሩቅ ይሄዳል፤ ወፍራም ግድግዳም አያቆመውም፣ ምክንያቱም የሚጓዘው በግድግዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ ማሽኖች በሞላ ወይም በጎማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ የሚወጡ ቱቦዎችና ቦዮችም በመጀመሪያው ክንድ ላይ ተጣጣፊ ቁራጭ ይገባላቸዋል። አንድ የተረሳ ግትር ቱቦ የሞላውን ሁሉ ሥራ ያፈርሳል።

መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄነሬተር በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ7 ሜትር ላይ 85 ዴሲቤል የሚያሰማ ጄነሬተር በ14 ሜትር 79፣ በ28 ሜትር 73፣ በ56 ሜትር 67 ይሆናል። ርቀት ብቻውን እንደማይበቃ ቁጥሮቹ ያሳያሉ፤ ስለዚህ ጥሩ ማርሚታና በውስጡ ሱፍ የለበሰ ቤት ያስፈልጋል። ቤቱ ግን ለሞተሩ የማቀዝቀዣ አየር ማስገባት ስላለበት መግቢያው የሚከፈተው ከአዳራሹ በተቃራኒ በኩል ነው። ትራንስፎርመርም ቢሆን የራሱ ድምፅ አለው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ ትራንስፎርመሩ በእጥፉ፣ በ100 ኸርዝ ያንጎራጉራል፤ ይህም ዝቅተኛ ድምፅ ስለሆነ በግድግዳ ማገዱ ያስቸግራል። ጄነሬተሩ እስኪነሣ ባሉት ሰከንዶች የበር መቆጣጠሪያውንና ማይክሮፎኖቹን በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስም ይጨመራል።

ምስጢር የሚያመልጠው በጆሮ ብቻ ነው?

አይደለም። ገመድ አልባ ማይክሮፎን ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ምልክቱ በግድግዳ ያልፋል፣ ካልተመሰጠረም ውጭ ባለ መቀበያ ሊሰማ ይችላል። በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ጊዜ በሚካሄድ ስብሰባ ላይ የትርጉም ማዳመጫ መምረጥም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሬዲዮ ከሚሠሩት ይልቅ በኢንፍራሬድ የሚሠሩት ለዝግ ስብሰባ ይመረጣሉ፤ ኢንፍራሬድ ዓይን የማያየው ብርሃን ስለሆነ ግድግዳ ያግደዋል። በመስታወት ግን ስለሚያልፍ መጋረጃው መዘጋት አለበት።

ኮርኒስ ላይ የሚገጠም ድምፅ ማጉያም መታሰብ አለበት። ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን በአሠራራቸው መንትያ ናቸው፤ ማጉያው በተገላቢጦሽ ሲያዝ ደካማ ማይክሮፎን ይሆናል። በመሆኑም የአዳራሹ ማጉያ ከእንግዳ መቀበያው ሙዚቃ ጋር በአንድ ገመድ አይታሰርም። መስታወትም በንግግር ይርገበገባል፣ ርግብግቡም ከውጭ በመሣሪያ ሊነበብ ይችላል፤ ስለዚህ ጥብቅ ምስጢር የሚነገርበት ክፍል መስኮት የሌለው የመሐል ክፍል ቢሆን ይመረጣል።

የኔትወርክ ጉዳይ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቻይና ሠርታ ያስረከበችውና እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ አበባ ላይ ከተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት መረጃ በሌሊት ወደ ሻንጋይ ይላክ ነበር ሲል ሌ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በ2018 ዘግቦ፣ ቻይናም ኅብረቱም ዘገባውን አስተባብለዋል። እውነቱ የትኛውም ይሁን፣ የክርክሩ ርእስ ግድግዳ አልነበረም፤ የኮምፒዩተር መስመር ነበር። የአዳራሹ መስመር ለእንግዶች ከሚሰጠው ዋይፋይ ተለይቶ መዘርጋት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የሚገርመው፣ ጸጥታ ራሱ ምስጢርን ሊያጋልጥ መቻሉ ነው። ኮሪደሩ ፍጹም ጸጥ ካለ ትንሿ ፍንጣቂ ትሰማለች። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታዎች ከአዳራሹ ውጭ እንደ ሩቅ ፏፏቴ ያለ ለስላሳ ሸፋኝ ድምፅ በዝግታ ይለቀቃል፤ ያመለጠው ቃል በዚያ ውስጥ ይሰጥማል።

በሩ ተቆልፎ እሳት ቢነሣስ?

ለጥበቃ የተቆለፈ በር ከውጭ ሰው እንዳያስገባ እንጂ ከውስጥ ሰው እንዳያስቀር መሆን አለበት። በማግኔት የሚያዝ መቆለፊያ የእሳት ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ወይም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሱ እንዲለቅ ይደረጋል፤ በሩም ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ያለ ቁልፍ በአንድ ግፊት። ከላይ የተመሰገነው ባለ ሁለት በር መተላለፊያም በዚያች ቅጽበት ሁለቱም በሮች አብረው መከፈት አለባቸው። ግድግዳውን የሚበሱ ቱቦዎች ዙሪያቸው እሳት በሚቋቋም መድፈኛ ሲሞላ ድምፅም አብሮ ይታገዳል፤ በዚህ ቦታ ሁለቱ ፍላጎቶች አይጣሉም።

ሥራው በትክክል መሠራቱ በምን ይታወቃል?

ተቋራጩ ሲያስረክብ በመሣሪያ ማስለካት ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ አለ። በመሸ ጊዜ የኮሪደሩን መብራት አጥፍቶ የአዳራሹን ማብራትና ከውጭ ሆኖ በበሩ ዙሪያ፣ በሶኬቶቹና በኮርኒሱ ጠርዝ መመልከት ነው፤ ብርሃን የታየበት ሁሉ ድምፅ ያልፍበታል። ቀጥሎ አዳራሹ ውስጥ ዜና የሚያነብ ሬዲዮ ከፍቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ማናፈሻውን አጥፍቶ በዙሪያው ባሉ ክፍሎች ሁሉ መዞር ነው። አንባቢው ምን እንዳለ በግልጽ የተሰማበት ክፍል ከተገኘ፣ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ኤሌክትሪሻኑና የኮርኒስ ሠራተኛው ተመልሰው ይጠራሉ።